በኢየሩሳሌም መሀል የነበረው ኤዲሶን ሲኒማ

ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ምእመን የሚፈልገው የታወቀ ነው። ጎልጎታን ይሳለማል፤ ዴር ሡልጣንን ያያል፤ ወደ ቤተ ልሔም ይወርዳል፤ ወደ ዮርዳኖስም ይሄዳል፤ ሲመለስም ጧፍና መስቀል ይዞ ለዘመዶቹ ያድላል። እኔም በ2011 ዓ.ም. ለትንሣኤ በዓል በሄድሁ ጊዜ ይህን ሁሉ በአምላክ ቸርነት ፈጽሜአለሁ። ነገር ግን ዛሬ ለአንባቢዎች የምጽፈው ስለ ቅዱሳት መካናት አይደለም፤ ስለ እነርሱ ከእኔ የተሻሉ ሊቃውንት ጽፈዋል። የምጽፈው በዚያችው ከተማ መሀል ይኖር ስለ ነበረና አሁን ስለሌለ አንድ ሲኒማ ቤት ነው። አንባቢው «በድቁና ያደገ ሰው ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ ስለ ሲኒማ ቤት መጻፉ ምን ይባላል?» ቢለኝ አልፈርድበትም። እስከ መጨረሻው ቢታገሠኝ ግን ምክንያቱን እነግረዋለሁ።

ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት የምትባለው ቤተ ክርስቲያናችን ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጪ ትገኛለች። ሥራዋ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ 2ኛ ዘመን የተፈጸመ፣ እንደ አገራችን ወግ ክብ ሆና የታነጸች ናት። በፊቷ የሚያልፈው ጠባብ መንገድ በእኛው ስም «የሐበሾች ጎዳና» ይባላል። የዕብራይስጥን ቋንቋ ከመጽሐፍ አውጥቶ ወደ ገበያና ወደ ጓዳ ለመመለስ ዕድሜውን የጨረሰው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳም በዚሁ ጎዳና ላይ ይኖር ነበር። ከዚያ ወጣ ሲሉ የነቢያት ጎዳና የሚባለው ሰፊ መንገድ ይገኛል፤ በእርሱም ላይ ንግሥት ዘውዲቱ ያሠሩት፣ በግንባሩ የይሁዳ አንበሳ ያለበት ሕንፃ ቆሟል። ከነቢያት ጎዳና ወደ ሰሜን ከሚገነጠሉት መንገዶች አንዱ የነቢዩ የኢሳይያስ ስም ተሰጥቶታል።

ከበዓሉ በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያ የሚያገለግልና ዕብራይስጥ የሚያውቅ ወጣት ዲያቆን እየመራኝ በኢሳይያስ ጎዳና ስንሄድ መንገዶች ከሚገናኙበት ማዕዘን ደረስን። በዚያ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ተደርድረዋል። በየሰገነቱ ልብስ ተሰጥቶአል፤ ጥቁር ቆብ የደፉ፣ በጆሮአቸው ግንድ የተጠቀለለ ጸጉር የወረደላቸው ልጆች ደረጃው ላይ ይጫወታሉ። ዲያቆኑ «መምህር፣ ይህ ስፍራ እኮ ቀድሞ የከተማው ትልቁ ሲኒማ ቤት ነበር» አለኝ። እኔ ዘወር ብዬ ብመለከት የሲኒማ ቤት ምልክት አንድ እንኳ አላየሁም። «ታሪኩን የሚያውቅ ሰው አለን?» ብዬ ብጠይቀው፣ ከዚያው ብዙም ሳይርቅ አሮጌ መጻሕፍት ወደሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ወሰደኝ። በኋላ ያነበብሁትንና ከሽማግሌው የሰማሁትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ እጽፋለሁ።

ኢየሩሳሌም ከተንቀሳቃሽ ሥዕል ጋር የተዋወቀችው ቀደም ብላ ነው። የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 በፓሪስ ከተማ የመጀመሪያውን ትርኢት ካሳዩ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ፣ የላኩት ሠራተኛ ከኢየሩሳሌም ጣቢያ በሚነሣ ባቡር የኋላ ፉርጎ ላይ መሣሪያውን ተክሎ ሥዕል አነሣ። ባርኔጣ ያደረገውም፣ ጥምጣም የጠመጠመውም፣ ጢሙን ያስረዘመውም ሰው ሁሉ እየተራራቀ ሲሄድ በዚያ አጭር ፊልም ላይ ይታያል። ኤዲሶን ሲኒማ ግን የተሠራው በ1932 ነው። ስሙን ያገኘው በኤሌክትሪክ መብራትና በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሥራ ከታወቀው ከአሜሪካዊው ከቶማስ ኤዲሶን ሲሆን፣ ኤዲሶን የሞተው ገና ባለፈው ዓመት በ1931 ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1927 «ጃዝ ዘፋኙ» የተባለው ፊልም በአሜሪካ ወጥቶ ድምፅ የሌለውን ሲኒማ ዘመን መዝጋት ጀምሮ ስለ ነበረ፣ አዲሱ ቤት የተከፈተው ሥዕሉ መናገር በጀመረበት ዘመን ነው። የዚያ ፊልም ታሪክ በምኵራብ የሚያዜም ሰው ልጅ የአባቱን ዜማ ትቶ ወደ ዘፈን መድረክ መሄዱ መሆኑን አንባቢው ያስታውስልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኤዲሶን ከሺህ ሰው በላይ የሚይዝ፣ በጊዜው በኢየሩሳሌም ከነበሩት ሁሉ የሚበልጥ አዳራሽ ነበረ። ስለዚህም ፊልም ብቻ የሚታይበት ቤት ሆኖ አልቀረም። ብሮኒስላው ሁበርማን የተባለው ቫዮሊን ተጫዋች ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁድ ሙዚቀኞችን ሰብስቦ በ1936 ያቋቋመው የሙዚቃ ጓድ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ የሚጫወተው በዚሁ አዳራሽ ነበር። ቴያትርም ይታይበት፣ ስብሰባም ይደረግበት ነበር። ከ1950 ዓመታት ወዲህ የከተማው ትልቅ የጉባኤ አዳራሽ እስኪሠራ ድረስ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ነገር ሁሉ ወደ ኤዲሶን ይመጣ ነበር።

ሽማግሌው ስለ አዳራሹ ክብር ብዙ አልነገሩኝም። የነገሩኝ በልጅነታቸው ያዩትን ነው። ፊልሙ ከውጭ አገር ስለሚመጣ ሕዝቡ ቋንቋውን አያውቅም፤ ስለዚህ ከትልቁ ሸራ ጎን በጠባብ ሸራ ላይ የዕብራይስጥ ትርጉም ይታይ ነበር። ትርጉሙን የሚያሳልፈው በእጁ የሚያሽከረክር አንድ ሰው ነው። ሰውየው ያንቀላፋ ወይም የዘገየ እንደ ሆነ ጀግናው ሞቶ ከተቀበረ በኋላ «እወድሻለሁ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ያን ጊዜ አዳራሹ በሙሉ ይጮህበታል። ሰው ሁሉ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ስለሚበላ መብራት ሲበራ ወለሉ በቅርፊት ተሸፍኖ ይገኛል። ወለሉም ወደ ሸራው የሚያዘቀዝቅ ስለ ነበረ፣ ከኋላ የተቀመጡት ጐረምሶች ባዶ ጠርሙስ ይለቃሉ፤ ጠርሙሱም በጸጥታው መካከል እየተንኳኳ ከወንበር ሥር ወደ ፊት ይወርዳል። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ በእጃቸው የጠርሙሱን መንገድ በጠረጴዛቸው ላይ እያሳዩኝ ይሥቁ ነበር።

ይሁን እንጂ ቤቱ ያየው ሣቅ ብቻ አይደለም። ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝበትም አንድ ሳምንት አለ። ጠላት አዲስ አበባ ከገባ በሦስተኛው ቀን፣ በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 30 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሐይፋ ወደብ ወርደው በባቡር ኢየሩሳሌም ገቡ፤ ንጉሥ ዳዊት በተባለው ሆቴልም ዐረፉ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ በእንግሊዞች ሥር ነበረች፤ ዐረቦችም ታላቅ አድማ ከጀመሩ ሦስት ሳምንት ያህል ሆኖአቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ገና በከተማው ሳሉ፣ ግንቦት 8 ቀን ቅዳሜ ማታ፣ የአይሁድ ሰንበት ካለፈ በኋላ፣ ፊልም አይቶ ከኤዲሶን በሚወጣው ሕዝብ ላይ ጥይት ተተኰሰ፤ ሦስት አይሁድም ሞቱ። ከሳምንት በኋላ ግንቦት 15 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከሐይፋ ወደ አውሮፓ ተነሡ። እኛ የዚያን ወራት ታሪክ ስናነብ የራሳችንን ኀዘን ብቻ እናያለን፤ ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም። የተጠጉበት ከተማም የራሱ ደም ይፈስበት እንደ ነበረ ግን ያን ቀን በዚያ ማዕዘን ቆሜ ተረዳሁ።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላም እንዲሁ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. በኅዳር ወር የተባበሩት መንግሥታት አገሪቱ ለሁለት እንድትከፈል በወሰኑበት ሳምንት፣ በማሚላ አጠገብ የነበረው፣ ዐረቡም አይሁዱም እንግሊዙም ገብቶ ያይበት የነበረው ሬክስ ሲኒማ ተቃጠለ። ሰዎች ልዩ ልዩ እምነትና ቋንቋ ይዘው በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ጨለማ ውስጥ፣ ወደ አንድ ሸራ የሚመለከቱበት ስፍራ ጠብ በተነሣ ጊዜ ቀድሞ የሚመታ ስፍራ ሆነ። ይህ ነገር ስለ ሲኒማ ቤት ያለኝን አስተያየት ጥቂት እንድመረምር አደረገኝ። እኛ በልጅነታችን የተማርነው ሲኒማ ቤት ሰውን ከሰው እንደሚያበላሽ ነበር እንጂ፣ ሰውን ከሰው ጋር እንደሚያስቀምጥ የነገረን አልነበረም።

ኤዲሶንን ከሁሉ አብልጦ ያስቸገረው ግን የጎረቤቶቹ ቅያሜ ነው። ሲኒማ ቤቱ የቆመው ሰንበትን አጥብቀው ከሚያከብሩት አይሁድ ሰፈር ዳር ነበር። መንግሥታቸው በ1948 ከተመሠረተ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ፈጽሞ ሳይወጣ ትኬት ይሸጣል በማለት ብዙ ሕዝብ ወደ በሩ እየመጣ «ሰንበት! ሰንበት!» እያለ ይጮህ ነበር። ፖሊስም መካከል ይገባ ነበር። በአዲስ አበባም የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበረ ከአባቶቻችን ሰምተናል። ሰው አዲስ ነገር በልጁ ላይ የመጣበት ሲመስለው ስም ማውጣቱ በየአገሩ ያለ ነው። ደግሞም ፍርሃታቸው ሁሉ ከንቱ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ በዚያ ሸራ ላይ ለልጅ ዓይን የማይገባ ነገርም ይታያልና።

ሽማግሌው የእነዚያ ጎረቤቶች ልጅ ናቸው። ዐሥራ ሦስት ዓመት በሆናቸው ጊዜ አንድ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሊወጣ ሲል ከቤት ተደብቀው ሄደው፣ ቆባቸውን በኪሳቸው ከትተው፣ ከትኬት ገዢዎች መካከል ቆሙ። በዚህ ጊዜ ጩኸቱ ተነሣ። በጓደኞቻቸው ትከሻ መካከል አሾልከው ቢመለከቱ፣ ከሚጮኹት ሰዎች ፊት አባታቸው ቆመዋል። አባትም ልጃቸውን አዩ። መጮኻቸውን አቁመው፣ ፊታቸውን መልሰው ወደ ቤት ሄዱ። «አልመቱኝም፤ አልተቈጡኝም፤ ስለዚያ ማታ እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩኝም» አሉኝ ሽማግሌው። «ፊልሙንስ አዩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር እንኳ አላስታውስም። የማስታውሰው የአባቴን ጀርባ ነው» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስሰማ አሮጌ ነገር በልቤ ተነሣ። ስለ ኤዲሶን ለመጻፍ ያስገደደኝም ይህ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። እኔም ጧት ዘመናዊ ትምህርት ቤት እውል፣ ማታ ከእርሳቸው ዘንድ ዜማ እቀጽል ነበር። በ1986 ዓ.ም. ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ፣ ታላቅ ወንድሜ በመሀል ከተማ ወዳለ አንድ ሲኒማ ቤት ወሰደኝ። የሚታየው የህንድ ፊልም ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል ስለ ፈጀ የሠርክ ጸሎት አመለጠኝ። በታሪኩ ውስጥ ልጇን በሕፃንነቱ ያጣች እናት ነበረች፤ በመጨረሻ በክንዱ ባለ ጠባሳ ለየችው። ያን ጊዜ በአዳራሹ የነበረው ሰው ሁሉ አለቀሰ። በጎኔ የተቀመጠ አንድ የማላውቀው ሽክም ተሸካሚ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ሲያብስ አይቼ እኔም አለቀስሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጐልማሳ ወንድ ከለቅሶ ቤት ውጪ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቤት ስንገባ አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ወንድሜ ሹልክ ብሎ አለፈ። እኔን አስቆሙኝና በዝግታ «ምን አየህ?» አሉኝ። «ወዴት ሄድህ?» አላሉኝም፤ ያውቁ ነበርና። እኔ ግን ከፍርሃቴ የተነሣ «ምንም አላየሁም፤ የትም አልሄድሁም» አልሁ። ጥቂት ጊዜ ተመለከቱኝና «ደኅና፤ ግባ፤ ራትህን ብላ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር አላነሡም። በ1994 ዓ.ም. ዐረፉ።

ለብዙ ዘመን ያ ጥያቄ ወጥመድ ነበር እያልሁ አስብ ነበር። የሽማግሌውን ታሪክ ከሰማሁ በኋላ ግን ሌላ ሆኖ ታየኝ። የእርሳቸው አባት ፊታቸውን መለሱ፤ የእኔ አባት ግን ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ጠየቁ። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩትን ዜማ ትቼ የሄድሁበትን ነገር፣ ምን እንደ ሆነ ከአፌ ሊሰሙ ፈልገው ነበር። ስለዚያች እናትና ስለ ጠባሳው፣ ነጠላውን ስለ አረጠበው ተሸካሚ ብነግራቸው ኖሮ ምን ይሉኝ እንደ ነበረ ማን ያውቃል? ምናልባት ይገሥጹኝ ነበር፤ ምናልባትም ያን ሌሊት ተቀምጠን እንጨዋወት ነበር። ደጁን የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ፤ የዘጋሁትም በሐሰት ነው። በንስሐ አባቴ ፊት ኃጢአት ብዬ የተናገርሁት ሲኒማ መግባቴን ነበር፤ መዋሸቴን ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

የኤዲሶንን ፍጻሜ ልናገርና ነገሬን ላብቃ። በ1968 የእስራኤል ቴሌቪዥን መደበኛ ሥርጭት ሲጀምር ሰዎች ማታ ማታ በቤታቸው መቅረት ጀመሩ። ቀጥሎም በከተማው ዳር ሰፋፊ የገበያ አዳራሾች ተሠሩ፤ በ1993 የተከፈተውን የማልሃን ገበያ የመሰሉ ስፍራዎች መኪና ማቆሚያም አላቸው። ትንንሽ ሲኒማዎችም በየገበያው ውስጥ ገቡ። በመሀል ከተማ የነበሩት ትልልቅ አዳራሾች አንድ በአንድ ተዘጉ። ጽዮን ሲኒማ ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አደባባዩ ግን የዚያን ሲኒማ ስም ይዞ እስከ ዛሬ የጽዮን አደባባይ ይባላል። በኤዲሶን ዙሪያ ያለው ሰፈርም ከዓመት ወደ ዓመት ሃይማኖታቸውን በሚያጠብቁት ሰዎች እየተሞላ ሄደ፤ ትኬት ቈራጩ ቢኖር ተመልካቹ ሩቅ ሆነ። ሲኒማ ቤቱ በ1995 ተዘጋ፤ በ2006ም ፈረሰ። በስፍራውም ለእነዚያው ሃይማኖተኞች ቤተሰቦች መኖሪያ ቤት ተሠራ።

እኔ «እንግዲህ የጮኹት ሰዎች አሸነፉ ማለት ነው» ብላቸው፣ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኔ የወንድሜ የልጅ ልጆች ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ይኖራሉ። አባቴ ቆመው በጮኹበት ስፍራ ዛሬ ልጆቻቸው ይተኛሉ። ይህን ባዩ ደስ ይላቸው ነበር። እኔም ስለ ልጆቹ ደስ ይለኛል፤ ስለ አዳራሹ ግን አዝናለሁ። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ ይኖራሉ» አሉኝ። ከዚያም አንድ ያረጀ የዕብራይስጥ መዝሙረ ዳዊት አንሥተው አቧራውን አራገፉና፣ ዋጋ አልቀበልም ብለው ሰጡኝ። ዲያቆኑ እጃቸውን ነሣ፤ እኔም ነሣሁ።

ወደ ደብረ ገነት ስንመለስ የሠርክ ደወል ይደወል ነበር። በዚያ ምሽት ስለ አባቴ ስም ጧፍ አብርቼ ጸለይሁ። ወደ አገሬ በተመለስሁም ጊዜ ካመጣሁት ነገር ሁሉ ለቤተ ሰቤ የጠቀመው አንድ ጥያቄ መሆኑን አያለሁ። ዛሬ ልጆቻችን ሲኒማ ቤት መግባት አያስፈልጋቸውም። ሲኒማው በእጃቸው መዳፍ ላይ ነው፤ አጠገባቸው የሚያለቅስ ተሸካሚም የለም፤ ሥቀው የሚጮሁበት ጎረቤትም የለም፤ እያንዳንዱ ብቻውን ያያል። ወላጆችም ወይ እንደ ሽማግሌው አባት ጀርባችንን እንሰጣለን፤ ወይም ስልኩን ነጥቀን እንቈልፍበታለን። እኔም ይህን አድርጌአለሁ።

በተመለስሁ በሳምንቱ ሴት ልጄ ከመኝታዋ ተሸሽጋ ስልክ ስትመለከት አገኘኋት። ስታየኝ ደንግጣ ከትራሷ ሥር ከተተችው። በአልጋዋ ጫፍ ተቀመጥሁና «ምን አየሽ?» አልኋት። ዝም አለች። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስልኩን አውጥታ «አባዬ፣ ይችን ልጅ እያት፤ ውሻዋ ጠፍቶባት…» ብላ መናገር ጀመረች። እኔም መነጽሬን አድርጌ ወደ እርሷ ተጠጋሁ።